የተራ ቁጥሩ ዓምድ የማን ነው

ታላቃችን ኣያ መንግስትኣብ፣ ሥራ አስኪያጃችን ወይዘሮ ራሕዋ፣ ባልደረቦቼ፤ እንደምን ዋላችሁ። ዛሬ የተሰበሰብነው ኣያን በጡረታ ልንሸኝ ነው።

ኣያ ወደዚህ የትራንዚት ቢሮ የገቡ ዕለት እኔ ገና አልተወለድኩም። የመጋዘኑ በርሄ እንደነገረኝ ግን የመጡት ለሹፌርነት ሊያመለክቱ ነበር። ኮሪደር ላይ ሲጠብቁ ከሩቅ የተላከ መልእክት የሚያትመው ቴሌክስ መንጫጫት ጀመረ፤ አጠገቡ ሰው የለም። ተነሥተው ወረቀቱን ቀደዱ፣ አነበቡት፣ ለሚመለከተው ሰው ጠረጴዛው ድረስ ወሰዱለት። እስከ ምሳ ሰዓት አምስት መልእክት አደሉ። ከሰዓት በኋላ የያኔው ሥራ አስኪያጅ ሠራተኛቸው መስለዋቸው፣ ምሳ ወጥተህ ቆየህ ብለው ተቆጧቸው ይባላል። እኔ እዚህ ለመግባት ሁለት ፈተናና ሦስት ቃለ መጠይቅ አልፌያለሁ። ቅናቴ የጀመረው እንግዲህ ከዚያ ነው።

እናንተ ትስቃላችሁ፤ እኔ የምሬን ነው። አምና ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ስቀጠር ለቢሮው በሙሉ አንዲት የኢሜይል አድራሻ ነበረችን፤ አሁንም እሷው ናት። በቀን ሁለቴ፣ አራት ሰዓትና አሥር ሰዓት ላይ፣ ኮምፒውተሩ ከኢንተርኔት እንዲገናኝ ኣያ ስልኩን ያስደውላሉ፤ የመጣው ደብዳቤ ሁሉ ይወርዳል። ከዚያ እሳቸው ኮምፒውተሩ ላይ የጻፏቸው ስድሳ ሁለት የመለያ ደንቦች እያንዳንዱን ወደ ክፍሉ ይልኩታል፤ ከምፅዋ የመጣውን ወደ ጭነት፣ ስለ ቀረጥ የሚያወራውን ወደ ሰነድ። ደንቦቹን ግን አንድ በአንድ ካልከፈቷቸው ማየት አይቻልም ነበር። ሁሉንም በአንድ ስክሪን የሚያሳይ ፕሮግራም ሠራሁ። ሦስት ወር ፈጀብኝ።

ከዚያስ፣ ኣያ? የጭነት ክፍሉ ተስፋልደት ደብዳቤ ጠፋብኝ ብሎ ሲመጣ በኔ ስክሪን በኩል አልፎ ወደ እርስዎ ይሄዳል። እርስዎም ቀና ሳይሉ፣ ሻሂዎን እያማሰሉ፣ አርባ አንደኛው ደንብ ይዞታል፣ ሰነድ ክፍል ሂድ ይሉታል። ፓራዲዞ ፌርማታ ላይ አውቶቡስ ሲጠብቁ እንኳ ሰው ይጠይቅዎታል። የኔን ፕሮግራም ማንም ፌርማታ ላይ ጠይቆት አያውቅም። ኢሜይሉን ዛሬም "ቴሌክስ" ነው የሚሉት። ከማስደወልዎ በፊት ስክሪኑን እንደ በር ሁለቴ ያንኳኳሉ፤ ይሠራልዎታልም። ማንም ሳያየኝ እኔም አንኳኩቼ አውቃለሁ።

አሁን ግን የከበደኝን ልናገር። ፕሮግራሙን በሰኞ ስብሰባ መጀመሪያ ያሳየሁ ዕለት ደንቦቹን በፊደል ተራ ነበር የደረደርኳቸው። ከምፅዋ ስለ ቀረጥ የተጻፈ ደብዳቤ በሁለት ደንብ ይያዛል፣ የኣያ ደንቦች ይጋጫሉ አልኩ፤ በሰው ፊት። ወይዘሮ ራሕዋ ደነገጡ። እርስዎ ግን ስብሰባው ሲያልቅ ወደ ጠረጴዛዬ መጡ።

"ዝርዝሩ ያምራል፣ ጓለይ፣ ልጄ። ማሽኑ ግን በፊደል አያነብም፤ እኔ ባስቀመጥኩለት ተራ ነው የሚያነበው። ቀድሞ የተነበበው ደንብ ደብዳቤውን ይወስደዋል፣ እዚያው ያበቃል። በግራ በኩል የተራ ቁጥር ብትጨምሪበትስ?"

ተናደድኩ፤ ልክ ስለነበሩ። በሚቀጥለው ሰኞ የተራ ቁጥር ዓምድ ጨምሬ አሳየሁ። አንድም ግጭት አልነበረም። ወይዘሮ ራሕዋ፣

"ጎበዝ ዛኪያ፤ ይህ ሐሳብ ከየት መጣልሽ?" አሉኝ።

"እንዲሁ ሳስበው" አልኩ።

ከሁሉ ቀድመው ያጨበጨቡት እርስዎ ነበሩ።

ስምንት ወር ሙሉ ይናገሩብኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልተናገሩም። ቢናገሩብኝ ይቀለኝ ነበር፤ በዝምታዎም ጭምር ቀናሁ። ወይዘሮ ራሕዋ፣ ያመሰገኑኝ ያ ዓምድ የሳቸው ነው። ኣያ፣ ይቅርታ። የቐንየለይ፣ አመሰግናለሁ። ሥራውን ያስተማሩኝ እኔ ልበልጥዎ ስሮጥ ነው።

ነገ ስልኩን የማስደውለው እኔ ነኝ። ይህን ወንበር ስመኘው ከርሜ፣ አሁን ሲደርስ ግን ፈራሁ። ደግሞ ቅድም አምስት ሰው የቤትዎን ስልክ ቁጥር ሲጽፍ አይቻለሁ። ተውት፣ ከእንግዲህ እኔን ጠይቁ ልላችሁ ነበር። አልልም። ብዕር ያለው ያቀብለኝ፤ እኔም ልጻፈው።

በሉ ብርጭቋችሁን አንሱ፤ የኔ ኣራንቻታ፣ የብርቱካን ለስላሳ ነው፣ ግድ የለም። ለኣያ መንግስትኣብ! ጤናና ዕድሜ ይስጥልን። ስልካቸውንም ከሁላችሁ ጥያቄ ያሳርፍላቸው፤ ከኔ በስተቀር።