የሐጅ ጉረሺ የገመድ አልጋዎች

ከኦምዱርማን እንጨት ተራ ወደ ቤት ስመለስ ጎረቤቴን ሐጅ ጉረሺን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። በአንድ የአህያ ጋሪ ጎን ዱላቸውን ይዘው ቀስ ብለው ይራመዳሉ። ጋሪው ላይ ያረጁ አንገረቦች እግራቸውን ሽቅብ ሰቅለው ተጭነዋል። አንገረብ የገመድ አልጋችን ነው፤ እሱ ላይ እንወለዳለን፣ እሱ ላይ እንዳራለን፣ ስንሞትም በእሱ ይሸከሙናል። ሐጅ ወዴት እንደሚወስዷቸው ብጠይቅ ወደ ጡብ ማቃጠያው ነው አሉኝ።

አብራኝ የነበረችው ተስኒም ናት። ድሮ አስተምሬያታለሁ፤ ዛሬ ከጓደኞቿ ጋር አሮጌ የቤት ዕቃ እያደሰች፣ አዲሱንም ዛፍ ሳታስቆርጥ የምትሠራ ወጣት ናት። በሰው ነገር ጥልቅ ማለት ልማዷ ስለሆነ ዝም እንደማትል አውቄያለሁ። ሐጅን ስለ ጤናቸው፣ ስለ ቤታቸው፣ እንደገና ስለ ጤናቸው ጠይቃ ስታበቃ እጇን አልጋው ላይ አሳረፈች።

«ሐጅ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህን እንጨት እሳት ይብላው ብሎ የፈረደበት ማነው?»

«እኔው ነኝ፣ ልጄ። አርጅቷል፣ ምን ላርገው?»

«ያረጀውማ ገመዱ ነው። እንጨቱ ግራር ነው፤ ምስጥ እንኳ አልደፈረውም።»

ሽማግሌው ፈገግ ብለው ነገሩን አጫወቱን። ልጃቸው ሙአዝ ዶሃ ነው የሚኖረው። ካቻምና ከነሚስቱና ከነልጆቹ መጥቶ ነበር። ልጆቹ በላላው ገመድ እየሰመጡ እንቅልፍ አጡና ቤተሰቡ ሳይሰነብት ወደ ሚስቲቱ ዘመዶች ሄደ፤ ከዚያ ወዲህም አልተመለሰም። አሁን አረፋ እየደረሰ ስለሆነ ሐጅ ከሱቅ የሚያብረቀርቅ አልጋ መርጠዋል። ክፍሉ በእሱ ከተሞላ የልጅ ልጆቻቸው የሚመጡ መስሏቸዋል። እውነቱን ለመናገር አንጀቴን በሉኝ።

«የሱቁን አልጋ አውቀዋለሁ» አለች ተስኒም። «የእንጨት ብናኝ በሙጫ ተጣብቆ ላዩ ላይ የእንጨት ሥዕል የተለጠፈበት ነው። ክረምት ሲገባ ውሃ እንደነካው ዳቦ ያብጣል። ከተሰበረ የሚጠግነው የለም፤ ፍየል እንኳ አትበላውም። መጨረሻው ቦይ ውስጥ ነው፣ ቦዩ ሲደፈን ደግሞ ጎርፉ እኛው ቤት ይገባል።»

«እናንተ የተማራችሁ ደግሞ» አሉ ሐጅ፣ «አንገረብ የሚያምራችሁ ፎቶ ለማንሳት ነው። ሆቴል ግቢ ደርድራችሁታል አሉ። ፎቶ የሚያነሳው ፈረንጅ ግን ማታ ፍራሹ ላይ ነው የሚተኛው። ድህነታችንን ቀለም ቀብታችሁ መልሳችሁ ለእኛ ልትሸጡልን ነው?»

ጋሪ ነጂው ሳቀ። ተስኒምም ሳቀች እንጂ አልተቆጣችም፤ ከመካከላቸው እንዲያ የሚያደርጉ እንዳሉ አመነች። «እኔ ግን የምተኛው በእሱ ነው፣ ሐጅ። ወገቤ ምስክሬ ነው።»

እኔም በበኩሌ አንድ ነገር ከነከነኝ። ሐጅ በጎልማሳነታቸው የሰፈሩን አልጋ ሁሉ በገመድ ይጠፍሩ የነበሩ ሰው ናቸው። ታዲያ የራሳቸውን እንዴት እንዲህ እስኪላላ ተዉት? ስጠይቃቸው የላላውን ገመድ በዱላቸው ጫን አሉት።

«ገመድ መሳብ የሁለት ሰው ሥራ ነው፣ ኡስታዝ። አንዱ ከግርጌ ይስባል፣ ሌላው የተሳበው እንዳይመለስ ይይዛል። ባለቤቴ በቱል ከሞተች ወዲህ የሚይዝልኝ የለም።»

ጋሪው ቆመ። ተስኒም ክርክሯን ትታ «እኔ እይዝልዎታለሁ» አለች።

ሐጅ ጋሪውን ወደ ቤታቸው አስመለሱ። በማግስቱ ተስኒም የዘንባባ ገመድ ተሸክማ መጣች፤ ሐጅ ሲስቡ እሷ ትይዛለች፣ ሲደክማቸው ይቀያየራሉ። ሥራው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሙአዝ ደወለ፤ የልጆቹ ፈተና ስላለ ዘንድሮም አይመጡም። ሐጅ «ምንም አይደል፣ በሰላም ክረሙ» ብለው ስልኩን እጃቸው ላይ ይዘው ቀሩ። የሚተኛበት ከሌለ አልጋዎቹን መልሰው ወደ እሳቱ የሚልኳቸው መስሎኝ ፈራሁ።

እሳቸው ግን እንዲህ አሉን፦ «የሱቁ ሰውዬ ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ? ይህን አልጋ ከገዙ ዕድሜ ልክዎን ሰው አያስቸግሩም አለኝ። እኔ ሞኙ ደስ ብሎኝ ነበር። ይቅርብኝ።»

አንባቢ ሆይ፣ የነገሩን ጥቅም አስብ። አንድ ጊዜ የተቆረጠ ግራር አባትን፣ ልጅንና የልጅ ልጅን ካስተኛ የወንዙ ዳር ዛፍ ፋታ ያገኛል። ዘንባባው ቅጠሉን ቢሰጥም ሌላ ያበቅላል፤ ያረጀው ገመድ አፈር ይሆናል። ገመዱን የሚገምዱት የሰፈራችን ሴቶች እንጀራ ይበላሉ። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ፣ የሚጠገን ዕቃ ያለው ቤት ጠጋኝ ይገባበታል።

የመጨረሻው አልጋ ላይ ሐጅ ያዙ፣ ተስኒም እግሯን ከግርጌው እንጨት ላይ አስደግፋ ሳበች። ላቧን ጠርጋ እንደገና ልትስብ ስትል ሽማግሌው ክንዷን ነካ አደረጓት።

«ተይው ልጄ፣ በጣም አታጥብቂው።»

«እንዲህ ከተውነው እኮ ቶሎ ይላላል፣ ሐጅ።»

«ይላላ» አሉ።