የእናቴ ተራ

ስለ እናቴ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጭሮ ገበያ ውስጥ ያለችን አንዲት ሱቅ ከነዕቃዋ በተቃጠለች ሰሞን፣ የመድኃኔዓለም ማኅበር ተራዋ ደረሰ። ባለተራ ጽዋውን ቤቱ ተቀብሎ፣ ጠላ ጠምቆና ዳቦ ደፍቶ ማኅበርተኛውን ማስተናገድ አለበት። ማኅበሩን በሙሴነት የሚመሩት ጋሽ ታደሰ አስበውልን መጡ። "እህቴ፣ ዘንድሮ ያንቺን ተራ እኛ እንሸፍነው፤ መድኃኔዓለምም ችግርሽን ያውቃል" አሏት። እኔ በሆዴ "ተመስገን፣ ከሃፍረት ተረፍን" ስል እናቴ ብድግ አለች። "ሲሞላልኝ የተቀበልኩትን ጽዋ ሲጎድልብኝ ልመልሰው? አይሆንም ጋሼ፣ እቤቴ ነው!"

ዕለቱ ደረሰና ያቀረብነው ቆሎና ውሃ ነበር። አግዳሚ ወንበሩን እንኳ "አብሽሪ" እያለች ያመጣችልን ጫት ነጋዴዋ ጎረቤታችን ፋጡማ ናት። ቄሱ ውሃውን እንደ ጠላ ባረኩት። እኔ አንገቴን ደፍቻለሁ። እናቴ ግን ነጠላዋን አጣፍታ ከፊት ተቀምጣለች፤ ድግስ የተረፋት ሴት ነው የምትመስለው። ሰዉ ሲወጣ ጠብቄ "እማዬ፣ ትንሽ እንኳ አላፈርሽም?" አልኳት።

"ምን ያሳፍረኛል? ስንት ዓመት በኔ ተራ ጓዳ ለጓዳ ስባዝን ጸሎቱ ያልቅብኛል። ዛሬ የማማስለው ወጥ የለ፣ የምቀዳው ጠላ የለ። ገና ዛሬ ከመድኃኔዓለም ጋር ተቀመጥኩ።"

ከዚያ ወዲያ የማን ልጅ ነሽ ስባል፣ የእናቴን ስም ነው የማስቀድመው።