ካርቶኑን ብቻ

ከአቃቂ ወደ ቃሊቲ በሚሄደው ታክሲ፣ ከጎኔ አንዲት እናት ካርቶን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ከወዲያ በኩላቸው ያለው ወጣት የካርቶኑን ጽሑፍ አነበበና ጠየቃቸው።

«እማማ፣ ግራፊክስ ካርድ ነው እንዴ? ልጅዎ ጌም ይጫወታል?»

«ኮምፒውተሩን ራሱ እየገጣጠመው ነበር። ‹ካርድ ብቻ ቀረኝ› ሲለኝ የስልክ መስሎኝ ገዝቼ ሰጠሁት። እንዴት እንደሳቀብኝ!»

«አይ እማማ! ዛሬ ግን ትክክለኛውን አገኙለት።»

«እንጃ፤ እሱ ይወቀው። ዕቃው እቤት ነው፣ አያስገቡትም። ካርቶኑን ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ አሳየዋለሁ፣ አንብቦ ‹ነው› ወይም ‹አይደለም› ይለኛል።»

«የት ነው የማያስገቡት?»

«ማረሚያ ቤት።»

ወጣቱ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«መቼ ይፈታል?»

«ኧረ ገና ነው ልጄ፣ ብዙ ፈረዱበት።»

«ታዲያ ምነው ቸኮሉ? ይሄ ዕቃ እኮ ቶሎ ያረጃል። እሱ እስኪወጣ ስንት አዲስ ይመጣል!»

«እኔስ አላረጅም?»

ወጣቱ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ወራጅ አለ!» አሉ እናትየዋ።

እስኪወርዱ ካርቶኑን ያዝኩላቸው፣ ባዶ መሆኑን እያወቅኩም በሁለት እጄ አቀበልኳቸው።