መርዶን እየፈሩ የተናገሩት የመምህርት ብዙአለም ባሕሩ ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ ቄሶቻችን፣ ሽማግሌዎች፣ ወዳጅ ዘመዶች፣ የትምህርት ቤቱ መምህራንና ተማሪዎች፣ ይህን ዜና ሕይወት የማነብላችሁ የመምህርት ብዙአለም ታላቅ ወንድም አባተ ባሕሩ ነኝ። በቤታችን አንቺ እያልኩ የምቆጣት ታናሽ እህቴ ናት፤ ወጉ ነውና ዛሬ አንቱ እላቸዋለሁ። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ልናዘዝ። ብዙዎቻችሁ ከአውቶቡስ ስትወርዱ እናታችን የት እንዳሉ ጠይቃችሁኝ አንገቴን ደፍቼ አልፌያችኋለሁ። እናታችን ወይዘሮ ትርንጎ በዚህች ሰዓት አሽዶድ፣ ሮቫ ጊሜል ሰፈር ቤታቸው ተቀምጠው፣ ልጃቸው ለሥልጠና ሃይፋ እንደ ሄዱ ያምናሉ። ይህን የነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ ሦስት ሳምንት ሆነው። ልጃቸው ትናንት ንጋት ላይ ካረፉ ወዲህ ሦስት ጊዜ እበራቸው ድረስ ሄጄ ሦስቴም ተመልሻለሁ። ፈርቼ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

መምህርት ብዙአለም ከአባታቸው ከአቶ ባሕሩ ቢምረው እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ትርንጎ ታየ፣ በቀድሞው በጌምድር፣ በበለሳ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1948 ዓ.ም. ተወለዱ። በልጅነታቸው ፈሪ ነበሩ። ሟችን ማሞገስ እንጂ ማማት ወግ እንዳልሆነ አላጣሁትም፤ ነገር ግን እውነቱ ይህ ነው፤ ጅብ ሲጮህ ከእናታችን ቀሚስ ሥር ይሸጎጡ ነበር፣ ወንዝ ሲሞላም ዓይናቸውን ጨፍነው ይሻገሩ ነበር። መሻገሩን ግን ይሻገሩ ነበር። ደፋር ተብዬው እኔ ማዶ ቆሜ እስቅባቸው ነበር።

ፊደል የቆጠሩት በአምቦበር ሲሆን፣ በኋላም ጎንደር ከሚገኘው የመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው ለስምንት ዓመታት በገጠር አስተማሩ። በ1971 ዓ.ም. ከአቶ አሸር ፈረደ ጋር ጋብቻ መሥርተው የበኩር ልጃቸውን ኡሪን ወለዱ። በ1976 ዓ.ም. ልጃቸውን አዝለው ከባለቤታቸው፣ ከእናታችንና ከእኔ ጋር በእግር ወደ ሱዳን ወጡ። አብሮን ከወጣው ሰው መካከል ወንዳለ የሚባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወጣት ነበረ። እናቱ ወይዘሮ ሐረጊቱ እዚያው አገር ቤት ሲቀሩ፣ እጁን ይዘው በአደራ የሰጡት ለእኔ ነው። ወንዳለ በሱዳን የስደተኞች መጠለያ ወባ ያዘውና በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተ፤ በእነዚህ እጆቼ ቀበርኩት።

ወይዘሮ ሐረጊቱ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1991 ወደዚህ ወደ እስራኤል ሲመጡ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ ተቀብያቸው ገና ሳንሳሳም ‘ልጄስ?’ አሉኝ። ‘ደኅና ነው፣ በሌላ አገር ዞሮ ይመጣል’ አልኳቸው። ደፋርነቴ ይህን ያህል ነው። ሽማግሌዎችም መጀመሪያ ትንሽ ይረፉ አሉ፣ ቀጥሎ ከበዓሉ በኋላ አሉ፣ ከዚያም የልባቸው ሕመም ይሻላቸው አሉ። እንዲህ እንዲህ እያልን አሥራ አራት ዓመት አለፈ። በወጋችን መርዶ እንደ ድንጋይ በሰው ላይ አይወረወርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ ሳይነጋጋ ተሂዶ ይረዳል። መልካም ወግ ነው። እኛ ግን ከወጉ ጀርባ ተደበቅን።

እህቴ ከሱዳን ወደዚህ አገር ከተሻገሩ በኋላ የመምህርነት ወረቀታቸው ዋጋ አጥቶ ስድስት ዓመት ሃኪርያ በሚባለው የመሥሪያ ቤቶች ሰፈር ቢሮ አጽድተዋል። ሁለተኛ ልጃቸውን ሳሪትን የወለዱትም በዚያ ዘመን ነው። ከዚያ በኋላ ኮሌጅ ገብተው፣ ልጆቻቸው ሊሆኑ ከሚችሉ ወጣቶች ጋር ተቀምጠው ዳግመኛ ተምረው፣ በ1995 በሮቫ ጊሜል በሚገኝ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በመምህርነት ተቀጠሩ። በ2004 ርእሰ መምህርቷ ወይዘሮ ሓቫ አሥራ ሁለት ኮምፒዩተሮች አስገብተው ክፍሉን ለእርሳቸው ሲያስረክቡ፣ መምህርት ብዙአለም መጀመሪያ የገቡት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ነበር። የነኩት ሁሉ የሚበላሽ ይመስላቸው ነበር። ሥራ ጨርሰው ሲወጡ ገመዱን ሁሉ ነቃቅለው፣ ቤት ከገቡ በኋላ ደግሞ ‘አንዱን ረስቼ ይሆን?’ እያሉ እየደወሉ ጥበቃውን አቶ ረኡቬንን መከራ ያሳዩት ነበር።

ይሁን እንጂ ፍርሃታቸውን ታቅፈው አልተቀመጡም፤ ከተማሪዎቻቸው ሥር ቁጭ ብለው ተማሩ። በሁለተኛው ዓመት የዝናብን አመጣጥ ሲያስተምሩ ልጆቹ ራሳቸው ደመናውን በኮምፒዩተር ሥለው፣ ሥዕሉን አንቀሳቅሰው፣ ነጎድጓዱን በቆርቆሮ ትሪ ሠርተው ድምፁን ቀዱ። ክፍልፋይ ሲያስተምሩም ዳቦ እያስቆረሱ በዲጂታል ካሜራ አስነሥተው ፎቶዎቹን በተርታ አስኬዷቸው። ሲያነብ ይንተባተብ የነበረ አንድ ልጅ የገዛ ድምፁን ቀድቶ ደጋግሞ እየሰማ አፉ ተፈታ። የትምህርት ቤቱ ሰዎች እንደሚነግሩኝ፣ በደወል የማይወጣ ክፍል የእርሳቸው ብቻ ነበር።

በ2005 ልጆቹ ሾራሺም የሚሉትን፣ የቤተሰብን ሥር ፈልጎ የማቅረብ ሥራ፣ በዚሁ መንገድ እንዲሠሩት አደረጉ። እያንዳንዱ ልጅ የሽማግሌ ድምፅ ቀድቶ፣ ታሪኩን በኮምፒዩተር ሥሎ አጭር ፊልም እንዲያዘጋጅ፣ ወላጆችም ተጠርተው በአዳራሹ ግድግዳ ላይ እንዲያዩት ታሰበ። የወይዘሮ ሐረጊቱ የልጅ ልጅ ኢንባል ያኔ አምስተኛ ክፍል ነበረች፤ እኔን ልትጠይቅ መጣች። በእጇ የያዘቻት ጣት የምታክል መሣሪያ የልጅ መጫወቻ መሰለችኝ። የመንገዱን ነገር አጫወትኳትና፣ እኔ ነፈዝ፣ ‘አጎትሽ ወንዳለ ሱዳን ሞተ፤ የቀበርኩት እኔ ነኝ፤ ለአያትሽ እንዳትነግሪ ግን አደራ’ አልኳት። በጆሮዋ ያንሾካሾክሁ መስሎኝ ነበር። ልጅቱ ሁሉንም ቀዳችው፤ ‘እንዳትነግሪ’ ያልኩትን ጭምር።

ወላጆች ሊጠሩ ሦስት ቀን ሲቀር መምህርት ብዙአለም ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ፊልሙን ሲመረምሩ የእኔን ድምፅ ሰሙ። ኢንባልን ይህቺን ብንቆርጣትስ ቢሏት፣ ልጆቹ መምህርታቸውን በሚጠሩበት የዕብራይስጥ ቃል ‘ሞራ፣ የሽማግሌ ቃል አይቆረጥም ብለሽ የለ?’ አለቻቸው። ከሥራ እንደ ወጡ በቀጥታ እኔ ቤት መጡ። ያቀረብኩላቸውን ውሃ ሳይጠጡ መልሰው አስቀመጡት። ‘ቁረጪው፣ አንዲት ቁልፍ መጫን ናት’ አልኳቸው። ‘አንዲት ቁልፍ መሆኗ እኮ ነው ያስፈራኝ’ አሉ። ‘ብቆርጠው ከእናንተ አንዷ ልሆን ነው፤ ባልቆርጠው እማማ ሐረጊቱ በሰው ሁሉ ፊት መርዷቸውን ከግድግዳ ላይ ሊሰሙ ነው። ወንድም ጋሼ፣ አደራው ያንተ ነው፤ ሂድና ንገራቸው።’ ጮህኩባቸው፣ ተቆጣሁ፣ ሴትዮዋን ልትገድያት ነው ወይ አልኩ። እርሳቸውም እያለቀሱ ወጡና ቄሱንና ሽማግሌዎቹን በየቤታቸው ዞረው ለመኑ።

በማግስቱ ማለዳ ሰባት ሆነን ወደ ወይዘሮ ሐረጊቱ ቤት ሄድን። እህቴ የደረጃውን ብረት ጨብጠው አንድ አንድ እግር ይወጡ ነበር፤ ከንፈራቸው አመድ መስሏል። ወይዘሮ ሐረጊቱ በሩን ከፍተው ሲያዩን ደንገጥ አሉና ‘ግቡ’ አሉን። ሽማግሌዎቹ እኔን አዩ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ያን ጊዜ ፈሪዋ እህቴ ከፊታቸው ተንበርክከው ሁለት እጃቸውን ይዘው ‘እማማ ሐረጊቱ፣ ወንዳለን ከእንግዲህ አይጠብቁት፤ ሱዳን ላይ አርፏል፤ በወገን እጅ ተቀብሯል’ አሏቸው። የዚያን ቀን ጩኸት የሮቫ ጊሜል ሰው ሁሉ ሰምቶታል። ደረታቸውን ደቅተው፣ ፀጉራቸውን ነጭተው ሲደክማቸው ወደ እኔ ዞሩ። ‘አባተ፣ ልጄንስ ወባ ገደለብኝ፤ ልቅሶዬን ግን የሰረቅኸኝ አንተ ነህ’ አሉኝ።

የፊልሙ ቀን ሰባቱ የልቅሶ ቀን እስኪወጣ ተላለፈ። ወይዘሮ ሐረጊቱ ይመጣሉ ብሎ የጠበቀ አልነበረም፤ ግን መጥተው ከፊት ተቀመጡ። ኢንባል የሣለችው ረጅም ወጣት ግድግዳው ላይ በትሩን ይዞ ሲራመድ፣ የእኔም ድምፅ አደራውን መብላቴን ሲያወራ እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። ሲያልቅ ወይዘሮ ሐረጊቱ ‘ድገሙልኝ’ አሉ። አራት ጊዜ ተደገመላቸው።

ከዚያ በኋላ ለእህቴ ቀላል ዘመን አልነበረም። አንዳንድ ሽማግሌዎች ልጆቻችንን በማሕሼቭ፣ ማለት በኮምፒዩተር፣ መቃብር ማስከፈት አስተማረች ብለው ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነሷቸው። እርሳቸውም ጥፋታቸው ያሉትን አርመዋል፤ ድምፁ የተቀዳ ሽማግሌም ሆነ ስሙ የተነሣ ሰው ቤተሰብ አስቀድሞ ሳያየውና ሳይፈቅድ አንድም ፊልም ለሕዝብ እንዳይታይ ደነገጉ። ይህ ሥርዓት እስከ ዛሬ በትምህርት ቤቱ ይሠራበታል።

በ2008 መጨረሻ ሮኬት አሽዶድ መድረስ በጀመረ ጊዜ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ሳይረን በጮኸ ቁጥር እናታችንን ደግፈው ያወርዱ ነበር፤ ሚክላት በሚሉት የቦምብ መጠለያ ውስጥ ደግሞ የጎረቤት ልጆችን ሰብስበው የፈራችሁትን ሣሉትና ድምፅ ስጡት እያሉ ያሠሯቸው ነበር። በዚያው ሰሞን ሆዳቸውን ይወጋቸው ጀመር። ሳይረኑ ያመጣው ፍርሃት ነው፣ ሲያልፍ ያልፋል ብለው ሐኪም ቤት ሳይሄዱ እስከ ፋሲካ ቆዩ። ሲመረመሩ ካንሰሩ ተሰራጭቶ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን አብሯቸው የኖረው ፍርሃት አንዴ በሽታ ሆኖ ቢመጣ አላወቁትም።

ለእናታችን ሕመማቸውን ራሳቸው ሊነግሩ ተነሥተው ነበር፤ እኔ ነኝ ዛሬ ነገ እያልኩ ያስቆየኋቸው። ከአልጋ መነሣት ሲሳናቸው ደግሞ የሃይፋውን ውሸት ፈጠርኩ። ይህን ሲሰሙ አልተቆጡኝም። ልጃቸው ሳሪት የትምህርት ቤቱን ካሜራ እንድታመጣ አዝዘው፣ ትራስ ተደግፈው፣ ለእናታችን የሚሆን መልእክት ቀዱ። ‘አፍህ እንቢ ካለህ ይህን ክፈትላቸው፤ እንደ ሐረጊቱ ግን አታቆያቸው’ ብለው ሲዲውን ሰጡኝ። ታዘቡኝ፣ ትናንት በሩ ድረስ የሄድኩት ይህንኑ ይዤ ነው። ከፍቼላቸው እኔ ደረጃው ላይ ልቆም ነበር ያሰብኩት። ሰው የገዛ መርዶውን ራሱ እንዲያረዳ የሚያደርግ ወንድም ምን ይባላል? ሲዲውን ዛሬ ጠዋት ለሳሪት መልሼላታለሁ፤ እናታችን አልቅሰው ሲወጣላቸው የልጃቸውን ድምፅ ይሰሙበታል።

መምህርት ብዙአለም ባሕሩ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ትናንት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2009፣ በኅዳር ወር፣ በተወለዱ በሃምሳ ሦስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ከኋላቸው ባለቤታቸውን አቶ አሸርን፣ ልጆቻቸውን ኡሪንና ሳሪትን፣ የልጅ ልጃቸውን አዲን፣ እኔን ወንድማቸውን፣ እንዲሁም ቁጥራቸውን የማላውቀውን ተማሪዎቻቸውን ትተው አልፈዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ እናታቸውን ወይዘሮ ትርንጎን። ይህን ስም ስጽፍ ብዕሬ ቆመብኝ፤ ከኋላ መቅረታቸውን ሳያውቁ ከቀሩት መካከል ጻፍኳቸው።

የእስራኤል አምላክ የእህቴን ነፍስ ከደጋጎቹ አባቶች ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጋር ያኑርልን፤ ለሁላችሁም መጽናናትን ይስጣችሁ፤ ለእናታችን ብርታቱን፣ ለእኔም አፍ ይስጠኝ። አሜን።

አሁን አፈር እናልብሳቸው። ከዚያ በቀጥታ ወደ እናታችን ቤት እሄዳለሁ፤ ሽማግሌዎች ተከተሉኝ። ሰዓቱ የመርዶ ሰዓት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ወይዘሮ ሐረጊቱም ቅድም ክንዴን ይዘው አብሬህ እሄዳለሁ ብለውኛል፤ እንዳልመለስ ከኋላዬ በሩ ላይ ይቆማሉ።