በቀትር የምትመላለሰው

ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ወንዝ የሚሻገር ሰው ወይ የጠና ጉዳይ አለበት፣ ወይ ከገበያ ዘግይቷል። ወይዘሮ ዓባይነሽ ማንኩሳ ገበያ የዘገዩት ወሬ ጥሟቸው ነው። ቀትር ክፉ ሰዓት መሆኑን ግን ከእርሳቸው በላይ የሚያውቅ በአገሩ አልነበረም። ሁለት ልጆቻቸውን ክርስትና ሳይነሱ ቀብረዋል፤ የበላብኝ ሾተላይ ነው ይላሉ። በዚያ ወንዝ ዳር በቀትር ሲያልፉ የሕፃን ለቅሶ ይሰማቸዋል። ያን ጊዜ ለማንም ነግረው አያውቁም ነበር።

መሻገሪያው ላይ ሲደርሱ ወፍ እንኳ ዝም ብሏል። ከማዶ፣ ከሾላው ሥር፣ ነጭ ነጠላ የለበሰች ሴት ቀስ ብላ እስከ ድንጋዩ ትሄዳለች፤ ትመለሳለች፤ እንደገና ትሄዳለች። ሆዷ ገፍቷል። ፊቷን ስታዞር ምራታቸው ያምሮት ናት!

ያምሮትን ግን ጠዋት ጓዳ አስተኝተው፣ በሩን ከውጭ በመጫኛ አስረው ነበር የወጡት። ያለፈው ፅንስ በአምስተኛ ወሩ ወርዶባታልና፣ የአሁኑ እንዳይነካ ከአልጋ እንዳትወርድ በማርያም አስምለዋታል። እንግዲህ ያምሮት ጓዳ ከተኛች ይቺ ማን ናት?

«በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ!» ብለው አማተቡ።

ሴቲቱ አልጠፋችም። «እማማ፣ እኔ ነኝ» አለች።

«መልክ የለበሰ ሁሉ ሰው አይደለም! ልጄን የት አደረግሻት?»

ያን ጊዜ ከሾላው ጀርባ ሌላ ሴት ብድግ አለች። የጎረቤታቸው የቄስ ገብረሰንበት ልጅ ፀደንያ ነበረች፤ ፍኖተ ሰላም ውስጥ አዋላጅ ነርስ ናት፤ ለበዓል መጥታ ነው።

«እትዬ ዓባይነሽ፣ አይደንግጡ። መጫኛውን የፈታሁት እኔ ነኝ። ሰው ናት፤ እጇን ይዳስሱ።»

ወንዙን ተሻግረው ዳሰሱ። እጇ ሞቃት ነበር፤ ላብም ነበረው። ፍርሃቱ ሲለቃቸው ቁጣው ተተካ።

«አንቺ እንኳ የቄስ ልጅ! እርጉዝ በቀትር ወንዝ ዳር?»

«በቀትር ማንም ስለማይመጣ ነው፤ ወሬው ለእርስዎ እንዳይደርስ።»

«ዱሮም ቡሬ ሐኪም ቤት ማህፀኗን ቆርጠው ለሾተላይ በር ከፈቱለት። አሁን ደግሞ አንቺ በእግሯ አንከራተሽ ልታስወርጃት ነው?»

ፍርሃት ብዙ ጊዜ ከእውነት ጠርዝ ላይ ነው የሚበቅለው፤ ወይዘሮ ዓባይነሽም ግማሽ እውነት ተናግረዋል። ፀደንያ ይህን አልካደችም።

«ማህፀኗን አልቆረጡም። በምርመራ የማህፀኗ አፍ ላይ ውሎ አድሮ ካንሰር የሚሆን ነገር ተገኘ፤ እሱን ሁለት ጊዜ ቀርፈው አወጡላት። ቢተዉት ኖሮ እሷንም ልናጣት እንችል ነበር። ግን ልክ ነዎት፤ እንዲህ የተደረገላት ሴት አንዳንዴ የማህፀኗ አፍ ያጥርና ፅንሱን መያዝ ያቅተዋል። ስለዚህ ስታረግዝ ቶሎ ለሐኪም ነግራ መታየት አለባት።»

«ታዲያ እኔስ ምን አልሁ? ትተኛ አልሁ!»

«ያለፈው ሲወርድ ያምሮት የት ነበረች?»

ወይዘሮ ዓባይነሽ ራሳቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁ፣ ማንም ሳይገባ ማንም ሳይወጣ፣ ከጓዳ ጩኸቷን ሰምተው ነበር። ሾተላይ በግድግዳ እንደሚያልፍ ያመኑት ያን ቀን ነው።

«ተኝታ ነበር» አሉ።

ያምሮት እግራቸው ሥር ተቀመጠች። «እማማ፣ ከልጅዎ ከወንዳወቅ ጋር ፍኖተ ሰላም የሄድነው ለዘመድ ጥየቃ አልነበረም። በአልትራሳውንድ አይተው የማህፀንሽ አፍ አጥሯል አሉኝ፤ በክር ቋጠሩልኝ። ባሌም እኔም ዋሽተንዎታል፣ ይቅር ይበሉን። ግን እዚያ ጨለማ ውስጥ ስተኛ የማስበው የሞተውን ብቻ ነው። እግሬ ያብጣል፤ እንቅልፍ የለኝም። ሐኪሙ መተኛት ልጁን አያቆየውም፣ ቀስ እያልሽ ተራመጅ ብሎኛል።»

«በክር?» እጃቸው ሳያስቡት አንገታቸው ላይ ወዳለው ማተብ ሄደ። «እንደ ስልቻ አፍ?»

«እንደ ስልቻ አፍ» አለች ፀደንያ።

ወይዘሮ ዓባይነሽ ውሃውን ብዙ አዩት። ዕድሜያቸውን ሙሉ እህል ጭነው ገበያ የወጡ ሴት ናቸው። «እውነት ነው» አሉ በመጨረሻ። «አፉ ያልታሰረ ስልቻ ጥግ ቢያስቀምጡትም ይፈሳል። የታሰረው አህያዋ ብትሄድም ይደርሳል።»

«አህያዋን ግን አያስሮጧትም፣ ጭነት አይደርቡባትም» ፀደንያ ፈገግ አለች። «ውሃ መቅዳት፣ መውቀጥ፣ ጆንያ ማንሳት የለም። ደም ወይም ውሃ ከፈሰሳት፣ ሆዷን ከቆረጣት፣ ወዲያው ሐኪም ቤት። ሌላዋ ሴት ደግሞ ሌላ ናት፤ የሚፈቀድላትን የራሷን ሐኪም ትጠይቅ።»

«ውሃውን እኔ እቀዳለሁ» አሉ ወይዘሮ ዓባይነሽ። መጫኛውንም ለአህያዋ መለሱት።

ከዚያ በኋላ ሾላው ሥር በቀትር ሁለት ነጭ የለበሱ ጥላዎች ይመላለሳሉ የሚል ወሬ አገሩን ሞላው። ወይዘሮ ዓባይነሽ ከሰው ጋር አብረው «በስመ አብ!» እያሉ፣ በሆዳቸው ይስቁ ነበር። ያምሮት እንቅልፍ አገኘች፤ የእግሯ እብጠት ጎደለ፤ ፍርሃቷም ቀለለ። በየቀጠሮዋ ታየች። ቀኑ ሲደርስ ክሩን የቋጠረው ሐኪም ፈታው፤ ወንድ ልጅም በሰላም ተገላገለች። ቀድሞ መታየት፣ ለሐኪም ሳይደብቁ መናገር፣ በልክ መንቀሳቀስ ይህን ያህል ነው ጥቅሙ።

ወይዘሮ ዓባይነሽ ዛሬም በቀትር ያንን ወንዝ ይሻገራሉ። የሕፃኑን ለቅሶ ኋላ ለያምሮት ነግረዋታል፤ ቀርቶ እንደሆነ ስትጠይቃቸው «እንጃ» ይላሉ። «ቤት የሚጠብቀኝ እየጮኸ፣ እሱን ማን ቆሞ ይሰማዋል?»