በብስክሌት የተሳለምኩ ለት

ኪ ኪ ኪ! ቆዩማ፣ አሁን አትሳቁ፤ ዋናው ገና ነው! በደርግ ጊዜ የወንድሜን ብስክሌት ይዤ በሸጎሌ ማዶ የገጠር መንገድ ስንሸራሸር አርፍጄ ወደ ቀጨኔ ስመለስ፣ ቁልቁለቱ ላይ ጠመንጃ ያነገተ አብዮት ጥበቃ «ቁሚ!» አለኝ። ያኔ ቁም ተብሎ ያልቆመ ይተኮስበታል። ፍሬን ልይዝ ስል የመድኃኔዓለም ደጅ ፊቴ ድቅን አለ፤ እጄ ልማዱ ነው፣ መሪውን ለቆ ሊያማትብ ተነሳ! ከነብስክሌቴ ተንከባልዬ እግሩ ሥር ተዘረርኩ። ጠመንጃውን አቀባበለ።

«ወንድምዬ፣ በእናትህ አትተኩስ! እምቢ ብዬ አይደለም፣ ልሳለም ብዬ ነው!» አልኩት። ካልኩ በኋላ ነው የባነንኩት፤ ለእነሱ የቤተ ክርስቲያን ነገር ይወራል? ግራ ቀኙን አየና ወደ እኔ ጎንበስ ሲል ዓይኔን ጨፈንኩ። በጆሮዬ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እህቴ፣ ለእኔም ተሳለሚልኝ፤ እኔን ያዩኛል።»