ለዘጠና ቀን ብቻ

— ሄሎ! ... ሄሎ፣ ማን ልበል? ... ኮሎኔል ባሬቶ! ኧረ እግዜር ነው ያመጣዎት። ኢላሪዮ ነኝ። ኢላሪዮ ታንታሌያን፣ ከምክር ቤት። ... አዎ፣ እዚሁ ሎማ ቪየንቶ ነው ያለሁት፣ የመንደሩ ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ። ትናንት ነው ከሊማ የገባሁት። ... ይሰማኛል፣ እርስዎስ ይሰማዎታል? ... ኔትወርኩ የሚይዘው እዚህ መስኮት ጋ ብቻ ነው፤ ሁለት እርምጃ ከራቅሁ ጠፋሁ ማለት ነው። ከተቋረጠ ዘግቼብዎት እንዳይመስልዎት።

— ማን? ሃምሳ አለቃ ሶቴሎ? ... አይ፣ አልሞተም። ከዚህ ሆኜ ይታየኛል። ኳስ ሜዳው ላይ ከጎሉ ቋሚ ጋር ታስሯል። ጥርሱ ረግፏል፣ አንድ ዓይኑ አይገለጥም፣ ግን ይተነፍሳል። ... ስድስቱ ወታደሮችም አሉ፣ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ተቆልፎባቸዋል። ሬዲዮውን ሰብረውታል፣ ለዚህ ነው ያላገኟቸው። መሣሪያውን ሮንዳው ወስዶታል።

— "ሽፍታ" ነው ያሉኝ? ... ኮሎኔል፣ እባክዎ ይሄን ቃል አይድገሙት። ሮንዳ ማለት ገበሬው ራሱ ነው። ፖሊስ በማይደርስበት አገር ከብቱን ከሌባ የሚጠብቀው፣ በሽተኛውን የሚሸከመው እሱ ነው። እኔም አለንጋ ይዤ ነው በሮንዳ ያደግሁት። ሽፍታ ነኝ? ... እንግዲያው ይስሙኝ፣ ከመጀመሪያው ልንገርዎት።

— ጠዋት፣ ጉሙ ገና ሳይነሳ። ዶሚቲላ የምትባል ሴት ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው። ስምንት ሆነው በቃሬዛ ተሸክመዋት ወረዱ። ... ወዴት ይሆናል፣ ወታደሮችዎ ወደሰፈሩበት ጤና ኬላ ነዋ፣ ሌላ የት አለ! አራት ዓመት ምክር ቤት ውስጥ ጉሮሮዬ እስኪነቃ ጮኬ ያሠራሁት ጤና ኬላ! ሊደርሱ ሲሉ ፊሽካ ነፉ። እዚህ አገር ፊሽካ ማለት "እኛ ነን፣ መጣን፣ በሩን ክፈቱ" ማለት ነው፤ ሕፃኑም ያውቀዋል። ሃምሳ አለቃዎ ደግሞ ከባሕር ጠረፍ ከመጣ ሳምንቱ ነው። ፖንቾ የለበሰ ሰው በጉም ውስጥ አየ፣ ፊሽካ ሰማ፣ "ጥቃት ነው፣ ተኩስ!" አለ።

— ... ሁለት ሰው። አንዱ ጭኑን ነው የተመታው፣ ይተርፋል። ሌላው ደረቱን። ... ስሙን? ... ኔሜሲዮ። ... ኔሜሲዮ ታንታሌያን። ... አዎ። ታናሽ ወንድሜ ነው። የቃሬዛውን የፊት እንጨት ይዞ የነበረው እሱ ነው። ወድቆ እንኳ ትከሻውን ከእንጨቱ ሥር አላወጣም፣ ሴትየዋ እንዳትንከባለል። ... እሺ፣ እግዜር ያጥናህ ያሉኝን ተቀበልኩ፣ አሁን የለቅሶ ጊዜ የለኝም። ሴትየዋን ወንዙን በቃሬዛ አሻግረን፣ በድንች መኪና ጭነን ወደ ከተማ ልከናታል። ወንድሜ እዚህ ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል። ደሙ በጠረጴዛው እግር እየወረደ ነው፣ ጫማዬ ረጥቧል።

— ቆይ፣ ዶን ካሲሚሮ፣ እያወራሁ እኮ ነው! ... እየነገርኩት ነው! ... ጀሪካኑን ከዚያ ሰውዬ አርቁልኝ አላልኩም? አንተ ትልቅ ሰው አይደለህም እንዴ?

— ሄሎ? አሉ? ... ካሲሚሮ ነው፣ የሮንዳው ሊቀ መንበር። ... አዎ፣ ጀሪካን። ቤንዚን ነው። ግማሹን ሃምሳ አለቃው ላይ አፍስሰውበታል፣ እዚህ ድረስ ይሸታል። ከየመንደሩ ሰው እየጎረፈ ነው፣ ሜዳው ጢም ብሏል። ክብሪት የሌለው ሰው ያለ አይመስለኝም።

— ምን አሉኝ? ... በስንት ደቂቃ? ... የለም! የለም፣ የለም፣ የለም! ሄሊኮፕተር አይምጣ! ... አርባ ወታደር ቢሆን፣ አራት መቶ ቢሆን ምን ይጠቅማል? ይስሙኝ! ድምፁ ከጋራው ጀርባ እንደተሰማ ሃምሳ አለቃውን ያነዱታል። ከዚያ የእርስዎ ሰዎች ከላይ ይተኩሳሉ። ሴት አለ፣ አሮጊት አለ፣ እናቴ እዚሁ ከጎኔ ቆማለች!

— ራሴ ላስፈታው? ... እስከ ዛሬ ጠዋት ቢሆን ኖሮ አንድ ቃል ብናገር ይሰሙኝ ነበር። አሁን ግን አፌን ስከፍት ድንጋይ ነው የሚመልሱልኝ። ግንባሬ ላይ ያለውን ቢያዩት። ... ለምን? ... ደብዳቤውን አገኙታ!

— "የትኛው ደብዳቤ" ይላሉ እንዴ! ዓይንዎን በጨው ታጥበው! ... ጤና ኬላውን ሰብረው ሲገቡ ግድግዳው ላይ በሚስማር ተመትቶ ነው ያገኙት። "የመከላከያ ቋሚ ኮሚቴ የሎማ ቪየንቶ ጤና ኬላ ለዘጠና ቀን ብቻ የጦሩ ማረፊያ እንዲሆን ተስማምቷል።" ከሥሩ የእኔ ፊርማ። ... ዘጠና ቀን! ሁለት ዓመት አለፈው እኮ፣ ሰውዬ! የክትባት ማቀዝቀዣው ውስጥ ቢራ ነው ያገኙት። ማዋለጃው አልጋ ላይ የጥይት ሣጥን!

— ... ለሕዝቡማ "ተቃውሜ ነበር፣ በድምፅ ብልጫ ተሸነፍኩ" ነው ያልኳቸው። ... አዎ፣ ዋሸሁ። ... እየሰሙኝ ነው፣ አዎ፣ አዳራሹ ሙሉ እየሰማኝ ነው። ይስሙ! ድንበሩም ይጠበቅ፣ መንደሬም ድልድይ ያግኝ ብዬ ነው የፈረምኩት። እርስዎ ቢሮዬ ድረስ መጥተው "ፈርም፣ ወንዙ ላይ ድልድይ እናስጥልልሃለን" አላሉኝም? ድልድዩ የታለ? ... በጀት? ... በጀትህን ይዘህ ገደል ግባ!

— አዎ፣ አንተ አልኩህ! ... ድንበር ላይ አንተ ምክትል መቶ አለቃ፣ እኔ ሬዲዮ ተሸካሚህ ሆነን፣ ፈንጂው እግርህን ሲበጣጥሰው "ኢላሪዮ፣ አደራህን፣ አትተወኝ" ስትለኝ እንደዚህ ማዕረግ ትቆጥርብኝ ነበር? ሬዲዮውን ጥዬ አንተን አዘልኩ። ጭቃው እስከ ጉልበቴ፣ ደምህ በአንገቴ እየወረደ፣ ከጠዋት እስከ ማታ። አንድም ቀን አንስቼብህ አላውቅም። ዛሬ አነሳሁብህ። ... ጎሽ። አሁን ስማኝ።

— በሮንዳ ሕግ ሰው አይገደልም። ያጠፋ ይገረፋል፤ ከዚያ ለበደለው ቤተሰብ ያርሳል፣ ይቆፍራል። ዛሬ ሕጉን ያስጣላቸው ንዴት ነው። ካሲሚሮ ምን አለኝ መሰለህ? "በዳዮቹ ሁለት ናቸው፣ አንዱን አስረነዋል፣ አንዱ ስልክ ያወራል" አለኝ። ... ልክ ነው እንጂ፣ ምኑ ይከፋኛል! እኔ መጀመሪያ ከተገረፍኩ ወደ ሕጉ ይመለሳሉ፤ ሶቴሎም በሕጉ ይዳኛል። እምቢ ካልኩ ክብሪት ነው።

— አላበድኩም። ... ማን? አለንጋውን የሚይዘው የራስ ሰው ነው፣ የእኛ ደንብ እንደዚያ ነው። ... እናቴ ናታ። ... ሰባ አራት ዓመቷ ነው። ክንዷን ስለማታውቀው ነው።

— አንተ አንድ ነገር ብቻ ማልልኝ። ሄሊኮፕተሩ አይነሳም በለኝ። ... "ትእዛዙ ከላይ" አትበለኝ፣ ላዩ አንተ ነህ! ... በእግዜር አይደለም፣ በዚያች እግርህ ማል። ... እ? ... ድገመው። ... እሺ። ... እሺ፣ አመንኩህ። ስልኩን አልዘጋውም፣ መስኮቱ ላይ አስቀምጠዋለሁ። አንተም እንዳትዘጋ። ቁጠር።

— እማ፣ ነይ። ... ኮቴን ያዙልኝ። ሸሚዙንም አወልቃለሁ፣ ግድ የለም። ... ስንት ፈረዳችሁ፣ ዶን ካሲሚሮ? ... ሃያ። ... ይሁን፣ ለዋሸሁት ሃያ አይበዛም። በሩን ክፈቱት፣ ሜዳ ያለውም ይይ። ... እማ፣ አታልቅሺ። እንባሽን ጥረጊ፣ እንዳትስቺኝ። በደንብ አድርገሽ። ስለ ኔሜሲዮ ብለሽ።

— አንድ! ... ሁለት! ... እህ... ሦስት! ... እማ፣ እያዩሽ ነው፣ የምታባብይኝ ይመስላቸዋል! ... አራት! ወይኔ! ... አምስት! ... ስድስት! ... አዎ፣ ፈርሜያለሁ! ሰባት! ... ዋሽቻችኋለሁ! ስምንት! ... ዘጠኝ! ... አትያዙኝ፣ ራሴ እቆማለሁ! ... አስር! ... አስራ... አስራ አንድ... እማ? ... እማዬ፣ ተነሺ፣ ዘጠኝ ይቀራል። ... ምን አለች? ... "በአንድ ቀን ሁለቱንም አላጣም" አለች?

— ... ውሃ ስጡኝ። ... ሄሎ? ባሬቶ፣ አለህ? ... ስንት ቆጠርክ? ... ልክ ነህ፣ አስራ አንድ። እናቴ አለንጋውን ጥላ ወንድሜ እግር ሥር ተቀምጣለች። ... ተሳካ፣ አዎ! ካሲሚሮ ጀሪካኑን ገደል ሲወረውረው በዓይኔ አየሁ። ሶቴሎን ፈተውታል፣ ወደዚህ እያመጡት ነው። የወንድሜን መቃብር እሱ ይቆፍራል። ከዚያ እስከ ምርት ድረስ ለወንድሜ ሚስት ድንቹን ይኮተኩታል። ... ይገረፋልም፣ አዎ፣ ግን በሕይወት ይኖራል። የጥይት ሣጥኖችህን ደግሞ ዛሬውኑ...

— ቆይ። ... ዝም በሉ እስቲ! ... ዝም በሉ አልኩ እኮ! ... ባሬቶ። ይሄ ድምፅ ምንድነው? ... ምን? ... ሄሊኮፕተሩ ከመደወልህ በፊት ነው የተነሳው? ... "አይነሳም" ብለህ ስትምልልኝ አየር ላይ ነበር? ... አየር ላይ ነበር!

— ካሲሚሮ! አትንኩት! ... አልከዳኋችሁም! በወንድሜ ሬሳ እምላለሁ፣ አላወቅኩም! ... ሶቴሎን ወደ እኔ ግፉት! ወደ መስኮቱ! ... ና፣ አንተ፣ ና ተጠጋኝ! ... ገመዱን በወገቤ ዙሩልኝ፣ ከእሱ ጋር እሰሩኝ! አጥብቁ! ... አአህ! ... ባሬቶ፣ ልብሱ በቤንዚን እንደራሰ ነው፣ ቁስሌን ለበለበኝ። አሁን ሁለታችንም አንድ ችቦ ነን። ... ክብሪቱን አጥፋ፣ አንተ! ዶሚቲላን ከተሸከሙት አንዱ አይደለህም? አጥፋው! ... እማ፣ ከፊታችን ዘወር በይ፣ በማርያም! ... እሺ፣ እንዳሻሽ፣ ቁሚ።

— ሬዲዮህን አንሳ! አሁን! ... አታስረዳኝ፣ አንሳው! ለአብራሪው "ተመለስ" በለው! ... አልሰማሁህም፣ ጣሪያው እየተንቀጠቀጠ ነው! ... ጮክ በል፣ ለእሱ ስትነግረው ልስማህ! ... ድገምለት! ... እንደገና! ...

— ... ዞረ? ... እማ፣ ዞረ እንዴ? ... እየራቀ ነው። ... አጠፋህ፣ ክብሪቱን? ... ጎሽ፣ የኔ ወንድም።

— ... ሄሎ። ... አለሁ። ... አይ፣ ምስጋናህን አልፈልግም፣ ሶቴሎ ራሱ ትከሻዬ ላይ እያለቀሰ ነው፣ እሱ ይበቃኛል። ... ስማኝ አንድ ነገር ልንገርህ። ዘጠኝ አለንጋ ቀርቷል አይደል? ካሲሚሮ "የቀረው የማነው?" ብሎ ጠየቀኝ። ያንተ ነው አልኩት። ... አልቀለድኩም። ያለ ወታደር፣ ያለ ሄሊኮፕተር ብቻህን ና። ከመጣህ እኔ ራሴ ከጎንህ እቆማለሁ። ካልመጣህ ደግሞ ምክር ቤት ቆሜ፣ ሸሚዜን አውልቄ፣ ጀርባዬን እያሳየሁ ስምህን እጠራለሁ። ... አዎ፣ እናቴ ናት የምትይዘው።

— አሁን ልዝጋ፣ ሶቴሎ አካፋ ይዞ ቆሟል፣ የወንድሜን ቁመት ላሳየው። ... በየት በኩል? ... በታች በኩል ና። ወንዙን ግን በእግርህ ነው የምትሻገረው፣ ድልድይ የለንም።